የፍራንክፈርቱ ጉባኤና የፕሮይንገስሃይም ሁለት ሻማዎች

መነሻ

ማክሰኞ ማታ ከቦሌ ተነሳሁ። የጉዞው ምክንያት ፍራንክፈርት ላይ የሚካሄድ የሦስት ቀን ጉባኤ ነበር፤ ርዕሱ «የዛሬው የአይሁድ ትምህርትና ማንነት»። የዝግጅት ክፍላችን ዋና አዘጋጅ የግብዣውን ወረቀት ሲሰጠኝ፣ «አንዲት የእኛ አገር ተወላጅ መምህርት ትናገራለች፤ እሷን አናግረሽ ነይ» አለኝ። ቀላል ሥራ መስሎት ነበር። እኔም መስሎኝ ነበር።

መምህርቷ ወይዘሮ ያልጋነሽ ትባላለች። ጎንደር አካባቢ ከቤተ እስራኤል ቤተሰብ ተወልዳ በልጅነቷ እስራኤል ገብታለች፤ በኋላ በትዳር ምክንያት ወደ ፍራንክፈርት መጣች። ከባሏ ከተለያየች ቆይቷል። አሁን ከሴት ልጇ ጋር ትኖራለች፤ እሑድ እሑድ ለሕፃናት ዕብራይስጥ ታስተምራለች። ከመነሳቴ በፊት ስደውልላት ስለ ጉባኤው ብዙም ልታወራ አልፈለገችም። «ጉባኤው ይደርሳል። እኔን የጨነቀኝ ዓርብ ማታ ነው» አለችኝ።

ጭንቀቷ ይህ ነበር። ልጇ ትዕማር በቅርቡ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። በአይሁድ ሥርዓት ሴት ልጅ በዚህ ዕድሜዋ ትእዛዛቱን የመጠበቅ ግዴታ የራሷ ይሆናል። ትዕማርም ትምህርት ቤት እንዳስተማሯት ዓርብ ዓርብ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት የሰንበት ሻማ ታበራለች፤ ሻማዎቹ ሰንበት ከገባ በኋላም እየነደዱ ቤተሰቡ ማዕድ ይቀርባል። የልጅቷን አሥራ ሁለት ዓመት መሙላት ምክንያት አድርገው የያልጋነሽ አባት፣ የቤተ እስራኤል ካህን የሆኑት ቄስ መንገሻ፣ ከእስራኤል መጡ። እሳቸው ደግሞ በጎንደር ከአባቶቻቸው የተቀበሉት ሌላ ነው። ሰንበት ከመግባቱ በፊት በቤት ውስጥ ያለ እሳት ሁሉ ይጠፋል። ምድጃው ይዳፈናል፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ ቤቱ ይጨልማል። እሳት በሚነድበት ቤት የሰንበት ማዕድ አይቆርሱም።

ስለዚህ ከመጡ ጀምሮ ዓርብ በመጣ ቁጥር ትዕማር ሻማ ታበራለች፤ አያቷ ብድግ ብለው መኝታ ክፍል ገብተው በሩን ይዘጋሉ። እናትየው መሃል ቤት ትቀራለች። ቄስ መንገሻ ሰኞ ይመለሳሉ። «ልባቸው ደክሟል። ሐኪሙ ከእንግዲህ አውሮፕላን ይቅርብዎ ብሏቸዋል። አንድ ዓርብ ብቻ ነው የቀረኝ» አለችኝ ያልጋነሽ። አባቷና ልጇ አንድ የሰንበት ማዕድ ላይ ተቀምጠው እንዲበሉ ነበር የምትፈልገው። ሌላ ነገር አልጠየቀችም።

ረቡዕ፣ ቦርንሃይም

ያረፍኩት የአባቴ የልጅነት ጓደኛ የሆኑት ጋሼ ሰይፉ ቤት ነው። ጋሼ ሰይፉ በተማሪነታቸው መጥተው እዚያው የቀሩ፣ መሐንዲስ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቤታቸው ቦርንሃይም በሚባለው የከተማው ሰፈር ከበርገር ሽትራሰ ጎዳና ገባ ብሎ ነው፤ አሮጌ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ከላይ ሆነው፣ «ቀስ በይ፤ እኔ በየቀኑ ሁለቴ እወጣዋለሁ፣ አንድም ቀን አልሞትኩም» ይሉኛል።

ታች ካለው ዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦና አይብ ገዝተው ጠበቁኝ። ቁርስ ላይ ስለ ጉባኤው ጠየቁኝ።

«ስለ አይሁድ ትምህርትና ማንነት ነው።»

«ስለ ማንነት? ስንት ቀን?»

«ሦስት።»

«አይበቃም። እኛ በተማሪነታችን ስለ ራሳችን ማንነት በየሳምንቱ እየተሰበሰብን ስንት ዓመት ተከራከርን። መቼ ጨረስን? አዳራሹን ለዳንስ ትምህርት ሲያከራዩት ነው የወጣነው።» ዳቦውን ቆረሱ። «ሴትየዋን የምታናግሪበት ቴርሚን አለሽ?»

ቴርሚን ቀጠሮ ማለት ነው፤ እዚያ ያለ ሐበሻ ሁሉ ቃሉን በጀርመንኛው ነው የሚለው። እንዳለኝ ነገርኳቸው፤ ሐሙስ በምሳ ሰዓት። «በጽሑፍ?» አሉ። በጽሑፍ አልነበረም። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

ጉባኤው ከሰዓት በኋላ ተከፈተ። በር ላይ ፖሊሶች ቆመዋል፤ በዚህ ከተማ የአይሁድ ስብሰባ ያለ ጥበቃ አይካሄድም፣ የሚገርመውም የለም። ቦርሳዬን ከፍቼ ከውሃ ጠርሙሴ ጠጥቼ አሳየሁ፤ ፓስፖርቴ ከዝርዝሩ ጋር ተመሳከረ፤ ገባሁ። ጀርመንኛዬ አድምጦ ለመረዳት ይበቃኛል። ያ ከሰዓት ግን ጀርመንኛ የማይችሉት ሳይሻላቸው አልቀረም። የመጀመሪያው ተናጋሪ «ማንነት» የሚለው ቃል ለዚህ ጉባኤ ይስማማል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁለተኛው ጥያቄው ራሱ ይስማማል ወይ አለ። ሦስተኛዋ ሁለቱንም አመስግና «ማንነቶች» ተብሎ በብዙ ቁጥር እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበች። በብዙ ቁጥር ላይ እንደተከራከርን የሻይ እረፍት ሆነ፤ ከእረፍት ስንመለስም እዚያው ጠበቀን።

ሃያ ምናምን ዓመት ስብሰባ ዘግቤያለሁ። ስብሰባ ላይ መሰላቸት የሥራው አካል ነው፤ አያናድደኝም። ይኼኛው ግን አናደደኝ፤ ምክንያቱም እኔ በማውቀው አንድ ቤት ውስጥ ጥያቄው ቁርጥ ያለ ነበር፤ ዓርብ ሻማ ይነዳል ወይስ አይነድም።

ሐሙስ

ሁለተኛው ቀን የመምህራን ስለነበር ይሻል ነበር። በጀርመን ካሉት አይሁድ አብዛኞቹ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የመጡ ቤተሰቦች ናቸው፤ ወላጆቹ ራሳቸው ሃይማኖታዊ ትምህርት ሳያገኙ ስላደጉ ልጁ ከትምህርት ቤት የተማረውን ይዞ ሲመጣ ቤት ውስጥ የሚያስረዳው ሰው የለም። አንድ ሸበቶ የታሪክ መምህር፣ «ልጆቻችን አያቶቻቸው እንዴት እንደተገደሉ አጥርተው ያውቃሉ። ዓርብ ማታ ምን እንደሚደረግ ግን ለወላጆቻቸው የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው» አለ። ይህን ጻፍኩት። በሦስቱ ቀን መድረክ ላይ ከተባለው ከሥሩ ያሰመርኩበት እሱ ብቻ ነው።

ያልጋነሽ ወደ መድረክ ስትወጣ ቄስ መንገሻና ትዕማር ከፊት ተቀምጠው ነበር። ቄስ መንገሻ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ ናቸው። ትዕማር ከጎናቸው ጫማዋን ወንበር ጫፍ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯ ሹሩባ፣ ጥፍሯ ሰማያዊ ቀለም።

ያልጋነሽ የተዘጋጀችው ሕፃናትን ፊደል እንዴት እንደምታስቆጥር ለመናገር ነበር። አወያዩ ግን ከመግቢያው ጀምሮ ሌላ ነገር ፈልጓል። «በሱዳን በረሃ በኩል በእግር ያደረጉትን ጉዞ ቢያካፍሉን» አላት።

«እኔ የሄድኩት በአውሮፕላን ነው» አለች።

«ከዚያ በፊት?»

«ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ወረፋ ስንጠብቅ ነበር።»

አወያዩ ወረቀቱን አየ። ወረቀቱ ላይ በረሃ እንጂ ወረፋ የለም መሰለኝ። ስለ ፊደሉ ስትጀምር ሰዓቱ አለቀ።

የምሳ ሰዓት ቀጠሯችንም አልሆነም። ያልጋነሽን አዘጋጆቹ ስለ ነገው መዝጊያ ሊያናግሯት ወሰዷት። እኔ የድንች ሰላጣ ሳህኔን ይዤ ቄስ መንገሻ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ጉባኤው እንዴት ነው አባ?» አልኳቸው።

«ደኅና ነው። ሰው ያወራል፣ ሰው ይሰማል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ማን ነው መልሱን የሚያውቀው?»

ዙሪያዬን አየሁና አላውቅም አልኳቸው።

ዓርብ እኩለ ቀን

የመዝጊያው ሥነ ሥርዓት በመርሐ ግብሩ ላይ «ሦስት ትውልድ፣ አንድ ብርሃን» ይል ነበር። ያነበብኩት ጠዋት ነው። ያልጋነሽን በር ላይ ይዤ፣ «ይሄ ምንድን ነው?» ስላት ፊቷ ተለዋወጠ። «ትላንት የነገሩኝ ሦስታችንም መድረክ ላይ ወጥተን ሰላም እንድንል ነው። ሻማ አላሉኝም» አለች። የጉባኤውን አዘጋጅ ልትፈልግ ሮጠች። አዘጋጇ ግን መድረክ ላይ ነበረች፣ ሰማያዊ ሻርፕ ለብሳ፣ ማይክራፎን ይዛ፣ ስማቸውን እየጠራች።

ደግ ሴት ናት፤ ክፋት የለባትም። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ወግና ስለ ትውልድ ስታደራጅ ከርማ፣ ሽማግሌውን ስለ ሰንበት አንዲት ጥያቄ አልጠየቀቻቸውም። አይሁድ ናቸው፤ አይሁድ ዓርብ ሻማ ያበራል፤ አለቀ። ሌላው ጉባኤተኛም እንደዚያው ነው።

ክብሪቱን በሁለት እጇ ለቄስ መንገሻ ሰጠቻቸው። እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ አዩት፣ በሁለት እጃቸው መለሱላት። «እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ለሰንበት እሳት አጠፋለሁ እንጂ አላነድም» አሉ በአማርኛ።

ጉባኤተኛው ትርጉም በሚሰማበት የጆሮ ማዳመጫ ላይ አማርኛ አልነበረም። ያልጋነሽ አፏን ከፍታ ቆመች፤ አባቷን መተርጎም ልጇን ማሳፈር ሆነባት። አዘጋጇ ዝምታው ሲረዝም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለአዳራሹ፣ «ስሜታቸው ተነክቷል» አለች። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ትዕማር ማይክራፎኑን ተቀበለቻት። በጀርመንኛ፣ ድምጿን ሳትጨምር፣ «ስሜቱ አልተነካም። አልፈልግም ነው ያለው» አለች። ክብሪቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወረደች። ፎቶ አንሺው ግን ከዚያ በፊት፣ ሦስቱም ባልበራው ሻማ ዙሪያ ሳሉ፣ አንስቶ ጨርሶ ነበር።

እሷ በሩን ሳታልፍ ከፊት ረድፍ አንድ ፕሮፌሰር ተነስቶ የሽማግሌው እምቢታ «ወግ» ነው ወይስ «ተቃውሞ» ብሎ ጠየቀ። ሌላው መልስ አለኝ አለ። እኔ ወጣሁ።

ሦስቱን ያገኘኋቸው ውጭ፣ ብስክሌት ማሰሪያው ጋ ነው። ትዕማር አጥሩን ተደግፋ እናቷን አታይም። እናትየው ለአባቷ፣ «አባዬ፣ ቢያንስ ለልጅቷ ብለው…» ስትል ሰማሁ።

«ለልጅቷ ብዬ ነው ዝም ብዬ የወጣሁት። ቀድመው ጠይቀውኝ ቢሆን ቀድሜ እነግራቸው ነበር።»

ትዕማር በጀርመንኛ አንድ ነገር አለች። እናቷ ሳትወድ ተረጎመችው፦ «ቤት ስትገባ ኤሌክትሪክ ያበራልሃል፣ እሱም እሳት ነው፣ ነው የምትለው።» ልጅቷ አያቷን አንተ ነው የምትላቸው፤ በጀርመንኛም በአማርኛም።

ቄስ መንገሻ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ይሸታል?»

«አይሸትም» አለች፤ በአማርኛ።

«ይጨሳል?»

«አይጨስም። ብነካው ግን ያቃጥላል።»

«እንግዲያው አትንኪው።»

ልትስቅ አልፈለገችም፤ ግን አፏ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ ሰማይ አዩ። ሰኔ ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ናት። «ይህች ፀሐይ እዚህ አገር እንዴት ነው የማትደክመው? እኛ ጋ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ታውቃለች። እዚህ ሰው እራቱን በልቶ፣ ዕቃ አጥቦ፣ ገና ቀን ነው።»

ትዕማር ከአጥሩ ተነሳች። ለእናቷ በፍጥነት፣ በጀርመንኛ፣ እጇን እያወናጨፈች ማውራት ጀመረች። ነገሩ ይህ ነበር። በጀርመን በጋ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች እስከዚያ መጠበቅ ስለማይችሉ፣ ገና ፀሐይ ሳለች ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሻማ አብርተው ሰንበትን አስቀድመው እንዲቀበሉ ይፈቀዳል። ትምህርት ቤት ተምራዋለች። ስለዚህ እሷ አስቀድማ ብታበራና ሻማዎቹ አጭር ቢሆኑ፣ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ያልቃሉ። እሷ ሻማዋን አብርታለች፤ የአያቷ ሰንበት ሲገባ ደግሞ ቤቱ ውስጥ እሳት የለም።

በዚህ መሃል የሃይማኖት መምህርቷ ትዕማር የረሳችውን ቦርሳ ይዛላት ወጣች። ወጣት ናት፤ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ትመስላለች። ትዕማር ሐሳቧን ነገረቻትና «ይቻላል?» አለቻት።

«ሻማው እስኪጨልም መንደድ አለበት የሚሉ አሉ። በብርሃኑ ከተበላ ይበቃል የሚሉም አሉ» አለች መምህርቷ። «አንቺ የትኛው ይመስልሻል?»

«እኔ እኮ ነኝ የጠየቅኩሽ» አለች ትዕማር።

መምህርቷ ፈገግ አለች። በአይሁድ ዘንድ ማስተማር ማለት ጥያቄን በጥያቄ መመለስ መሆኑን ለሁለት ቀን ሰምቼ ነበር፤ ልጅቷ ላይ ሲደርስ ግን ለእሷ ደከመኝ። ትዕማር ቦርሳዋን ተቀበለች፣ አሰበች፣ «በብርሃኑ እንበላለን» አለች። ለአያቷ እናቷ አስረዳቻቸው። ቄስ መንገሻ ሁለቴ አስደግመው ሰሙና፣ «ጠፍቶ ከተገኘ እቀመጣለሁ» አሉ። ካልጠፋ ምን እንደሚሆን ማንም አልጠየቀም።

ዓርብ ማታ፣ ፕሮይንገስሃይም

ያልጋነሽ ፕሮይንገስሃይም ወደሚገኘው ቤቷ እራት ጠራችኝ፤ ነገር ግን በሰንበት አይጻፍም፣ ስልክም አይነካም። መቅጃዬንም ማስታወሻዬንም ቦርንሃይም ትቼ መሄድ ነበረብኝ። ጋሼ ሰይፉ ኮቴን ሲያቀብሉኝ፣ «ሮማን፣ ለአንዲት ሴት ብለሽ አራት ቀን ደከምሽ፤ ዛሬ ልታገኚያት ስትይ ብዕር የለሽም። አባትሽ ቢሰማ ይስቅ ነበር» አሉኝ።

ኡባኑ፣ የከተማው የምድር ውስጥ ባቡር፣ በጥገና ምክንያት ግማሽ መንገድ ላይ አወረደን፤ በምትኩ የመጣው አውቶቡስ ሞልቶ አለፈን። ትራም ይዤ ስደርስ ሁለት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሰፈሩ አዲስ ነው፤ ባለ ጠፍጣፋ ጣሪያ ሕንፃዎች፣ መሃላቸው የልጆች መጫወቻ፣ ልጆቹ ገና በፀሐይ ኳስ ይጫወታሉ።

ጠረጴዛው ተዘርግቷል። የዶሮ ወጥ፣ ምስር፣ በጨርቅ የተሸፈነ የሰንበት ዳቦ። ትዕማር ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ ሰማያዊ ጥፍሯ እንዳለ ነው። ሻማዎቹን አሳየችኝ። አንዱ ሐኑካ ከሚባለው የአይሁድ የብርሃን በዓል የተረፈ ቀጭን ሻማ ነው፤ የዚያ በዓል ሻማ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ያልቃል። ሳጥኑ ውስጥ የቀሩት ሌሎቹ ተሰባብረው ነበር። ስለዚህ ሁለተኛው ራሷ ትምህርት ቤት ከንብ ሰም የጠቀለለችው ነው፤ በቢላ አሳጥራዋለች። «ይበቃል» አለችኝ በጀርመንኛ።

አበራች። ዓይኗን በእጆቿ ሸፍና ቡራኬውን በዕብራይስጥ አለች። እጇን ስታወርድ መጀመሪያ ያየችው አያቷን ነው። ቄስ መንገሻ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ፊታቸው ላይ አርፋለች።

«ብሉ እንጂ» አሉ። «ለእኔም ትኩስ ወጥ ጨምሩልኝ። ሦስት ዓርብ መኝታ ቤት ቀዝቃዛ በላሁ።»

«ማን ሂድ አለዎት?» አለች ያልጋነሽ።

«ሻማው ነዋ።»

በላን። ስለ ሐኪሞች ተወራ፣ ስለ ዶሮው ተወራ፤ ቄስ መንገሻ ጉባኤው ላይ የተሰጣቸውን የአንገት ካርድ አውጥተው ስማቸውን እንዴት እንደጻፉት አሳዩን። የሐኑካው ሻማ ዶሮው ሳያልቅ ቀለጠ፣ ተንተከተከ፣ ጠፋ። ትዕማር በረጅሙ ተነፈሰች። ሌላው ግን ገና ነበር። የንብ ሰም ቀስ ብሎ እንደሚነድ ትምህርት ቤት የነገራት ሰው አልነበረም መሰለኝ። ወጡ ተነሳ፤ ሻማው አለ። ፍራፍሬ ቀረበ፤ ሻማው አለ። ፀሐይ ከፊት ለፊታችን ካለው ሕንፃ ጣሪያ ጋር ተስተካከለች።

ወሬው እየሳሳ ሄደ። ትዕማር ሻማውን ብቻ ነው የምታየው። እሷ ልታጠፋው አትችልም፤ ሻማ ስታበራ ሰንበትን ተቀብላለች፣ ከዚያ በኋላ እሳት ማንደድም ማጥፋትም ለእሷ ክልክል ነው። እናቷም አብራት ተቀብላለች። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ለእኔ ክልክል አልነበረም። ያልጋነሽ አንዴ ቀና ብላ አየችኝ፣ ወዲያው ዓይኗን መለሰች። ልነሳ አሰብኩ። ግን ያ ሻማ የእኔ አልነበረም፤ በሁለቱ መካከል ያለ ነገር ነው። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። እንደዚያ ሰዓት ቁጭ ማለት ከብዶኝ አያውቅም።

ፀሐይ ግማሿ ከጣሪያው በታች ሆነ። ቄስ መንገሻ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ። ትዕማር አቀረቀረች፤ ያልጋነሽም ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች፣ አባቷን ወደ መኝታ ቤት ልትሸኝ። እሳቸው ግን ወደ መኝታ ቤት አልሄዱም። በጠረጴዛው ዙሪያ ዞረው ልጅቷ አጠገብ ቆሙ።

«ትዕማር። ለአንቺ ሰንበት ገብቷል አይደል?»

«አዎ።»

«ለእኔ ገና ዓርብ ነው።» በመስኮቱ ወደ ቀረችው ፀሐይ ጠቆሙ። «እሳት ብነካ ኃጢአት የለብኝም። ግን ሻማው ያንቺ ነው። ቡራኬ ያልሽበት አንቺ ነሽ። እሺ ካላልሽ አልነካውም፤ እገባለሁ፣ አልቀየምም።»

ልጅቷ እናቷን አየች። እናቷ ከንፈሯን ነክሳ ይዛለች። ትዕማር አሰበች። ፊቷ ላይ የትምህርት ቤቱ ሕግ ሲገላበጥ ይታይ ነበር። ከዚያ በጀርመንኛ፣ ለራሷ እንደምትናገር፣ «ሰንበትን ገና ያልተቀበለ ሰው ለተቀበለው ሊሠራለት ይችላል» አለች። ቀና ብላ በአማርኛ፣ «በብርሃኑ በልተናል አባባ። አጥፋው» አለች።

ቄስ መንገሻ ጣታቸውን ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ነከሩ፤ ክሩን በሁለት ጣት ያዙት። ቺስ አለ። ጢሱ ቀጭን ሆኖ ወጣ። ከዚያ ተመልሰው እዚያው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ዳቦውን ወደ ራሳቸው ሳቡ፣ በግዕዝ ጸለዩ፣ ቆርሰው መጀመሪያ ለትዕማር ሰጧት።

መብራት ያበራ የለም። የዚያ አገር ምሽት ቀስ ብሎ ነው የሚጨልመው፤ ፊታችን እየደበዘዘ፣ ድምፃችን ብቻ እስኪቀር ተቀመጥን። ትዕማር የሰንበት መዝሙር ዘመረች። አያቷ አንዱን በግዕዝ አሉላት፤ ዜማው አይመሳሰልም። «የማን ነው ትክክሉ?» አለቻቸው። «የአንቺ ፈጣን ነው» አሉ። ያልጋነሽ በጨለማው ውስጥ ምን ፊት እንዳላት አላየሁም። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው መልሳ ስታስጠጋ ግን ሰማሁ።

መመለስ

እሑድ ማታ ወደ አየር ማረፊያው ስሄድ ጋሼ ሰይፉ እስከ ባቡሩ ሸኙኝ። የዓርቡን ነግሬያቸው ነበር። «ታዲያ ጉባኤው ምን ላይ ደረሰ?» አሉኝ። ለሚቀጥለው ዓመት እንደተላለፈ ነገርኳቸው። «አዳራሹን እንዳያከራዩባቸው» አሉ።

ሰኞ ከቦሌ በቀጥታ ቢሮ ገባሁ። ዋና አዘጋጃችን ፎቶ ጠየቀኝ። የዓርብ ማታውን ያነሳ ሰው የለም፤ በሰንበት ፎቶ አይነሳም። ያለው ከአዘጋጆቹ የተላከው ብቻ ነው፤ መድረክ ላይ፣ ሦስቱ ባልበራው ሻማ ዙሪያ፣ ከሥሩ «አያትና የልጅ ልጅ የሰንበት ሻማ አብረው ሲያበሩ» የሚል ጽሑፍ አለው። ጉባኤው ስለወግ ሦስት ቀን ካወራ በኋላ የተረፈው ወረቀት ይህ ነው።

ከጉዞው የተማርኩትን ንገሪን ከተባልኩ፣ ስለ ማንነት የተማርኩት ጥቂት ነው። ልጅቷ የራሷን ሕግ በደንብ ባታውቅ ኖሮ ለአያቷ መንገድ ባላገኘች ነበር፤ ሽማግሌው የራሳቸውን ባያውቁ ኖሮ ፈቃድ ባልጠየቋት ነበር። ሁለቱም ያንን የተማሩት አንድ ሰው ተቀምጦ ስላስተማራቸው ነው። መድረኩ ላይ ይህን ያለ ሰው አልሰማሁም፤ ምናልባት በሻይ ሰዓት ተብሎ ይሆናል።

ለጉባኤው አዘጋጅ ደብዳቤ ጻፍኩላት። ለትብብሯ አመስግኜ፣ ከፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍ እንዲታረም ጠየቅኩ፦ አላበሩም። አብረው ያጠፉት እንጂ ያበሩት ሻማ የለም።